በዘጠኝ ቤት የተጠመቀው የሚካኤል ጠላ

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላሉ። እኔ ባል ስለሌለኝ የማኅበሩን መዝገብ አጠብኩት።

አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ክፍል አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ስልክ እጠግናለሁ። ደብረ ታቦር ሄጄ የተማርኩት ግን ድረ ገጽ መሥራት ነው። ታች ጋይንት ውስጥ ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው እስኪመጣ ብጠብቅ ጦሜን ማደሬ ስለሆነ ማመልከቻዬን እጽፋለሁ፤ እጄ ግን ይበላኛል። እና የኔታ አንድ ቀን የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው በሬ ላይ ሲቆሙ፣ ያመጡት የጽድቅ ሥራ እንደሆነ እያወቅሁም ልቤ በደስታ ዘለለች።

የኔታ የሰፈራችን ቄስ ናቸው። ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ሄደው ድጓ ያስመሰከሩ፣ ዜማ የጎደለበትን ዲያቆን ከሩቅ በሳል ብቻ የሚያስደነግጡ ሰው ናቸው። የሚካኤል ማኅበራችን አባትም ማኅበርተኛም ናቸው። ማኅበሩ አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት አንዱ ጠላ ጠምቆ፣ ድፎ ደፍቶ ሌሎቹን ይቀበላል፤ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል፤ እንዲህ እያለ በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉንም ቤት ያዳርሳል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሰው ከሰው ሳይገናኝ ስለከረመ ማኅበሩ ተቋርጦ ነበር። ሲቀጥል ደግሞ «ተራው የኔ ነበር»፣ «የለም ያንተ አልነበረም» የሚል ንትርክ ተነሳ። የኔታ መረራቸውና ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለውን ተራ ጻፉት።

«ኔትወርኩ ተመልሶ የለ? በይ እዚያ ስልክ ውስጥ ክተቺልኝ። ሁሉም ከያለበት ይየው፤ እኔ ላይ አይጩሁ» አሉኝ።

ወረቀቱ ላይ ከጥቅምት ትይዩ የተጻፈው የአክስቴ ስም ነበር። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ መሬቷን ለእኩል እያሳረሰች የምትኖር ሴት ናት። ድሃ ናት? አዎ፣ ድሃ ናት። የሚያናድዳት ግን ድህነቱ አይደለም። ማኅበሩ ሳይቋረጥ በፊት፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ተራዋ ሲደርስ የኔታ ቆም ይሉና «እሷን ሚካኤል ራሱ ያውቃታል፤ እናሳርፋት» ይላሉ። ሁሉም «ደግ ነው፣ ደግ ነው» ይላል። ጽዋውም በራሷ ላይ አልፎ ከአጠገቧ ለተቀመጠው ሰው ይሰጣል። አዝነውላት ነው፤ አንድም ሰው ክፉ አላሰበም። እሷ ግን ያን ቀን ቤቷ ገብታ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ግድግዳውን ስታይ ትቀመጣለች።

«ሚካኤል ሁሉም ቤት ገባ፤ የኔን ደጅ ብቻ እየዘለለ» አለችኝ አንድ ጊዜ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ተራው ስልክ ውስጥ ሊገባ መሆኑን ስትሰማ ሱቄ ድረስ መጣች። ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም። ላፕቶፑን እንደ እንግዳ ሰው እያየች ጠየቀችኝ።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ለሰው ያዝናል እንዴ?»

«ምን ያዝናል እቴቴ፣ ብረት ነው እኮ!»

«እሰይ! እንዳያዝንልኝ» አለችና ሄደች።

ያን ቀን ምዬ ነበር፤ ሰማይ ቢደፋ የዘንድሮው ጥቅምት ሚካኤል ከአክስቴ ቤት ይውላል ብዬ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። ድረ ገጽ ሲሠራ፣ ገጹ በሚኖርበት ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለ። አንደኛው ለገባው ሰው ለየብቻው የሚሰጥ ነው፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጠየቀ እዚያ ይያዝለታል፤ ሌላ ሰው አያየውም። ሁለተኛው የጋራ ነው፤ ገጹን የከፈተ ሁሉ ከዚያው ከአንዱ ያነባል፤ ገበያ መሃል እንደቆመ ሰሌዳ ነው። የባለተራው ስም በጋራው፣ የገባው ሰው ስም በየግሉ መቀመጥ ነበረበት። ይህን መምህራችን እየደጋገመ ሲነግረን እኔ ከጓደኛዬ ጋር እየተሳሳቅሁ ነበር። እናም ጊዜው ሲደርስ፣ ማን ይለፋል ብዬ፣ «ሰው» የሚባል አንድ የጋራ ማስቀመጫ ከፈትኩና ሁለቱንም ስም እዚያው ጨመርኳቸው።

ደግሞ ሞክሬዋለሁ! አልሞከረችም እንዳትሉኝ። በአክስቴ ስልክ ቁጥር ገባሁ፤ ገጹ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ስሟን ጠራ፤ ከታች «የጥቅምት ባለተራ» ብሎ እንደገና ስሟን ጻፈ። ተራው የማን ነው? የአክስቴ። የተጻፈውስ? የአክስቴ። አጨበጨብኩ። መስከረም ሚካኤል እንዳለፈ ለማኅበርተኞቹ ሁሉ መግቢያውን በመልእክት ላክሁላቸው፤ የኔታና አክስቴ ብቻ ስልካቸው ድረ ገጽ የማይከፍት ባለ ቁልፍ ስለሆነ ቀረባቸው።

አክስቴ ተራዋን አስባ ክረምቱን ሙሉ ገብሷን ከአይጥ ጋር ስትሻማበት ነበር የከረመችው። የቤቷን ግድግዳ በጭቃ መረገች። ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተዋሰች። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በዓርቡ ገበያ፣ ጌሾ ልገዛላት ወጣሁ። ጌሾ ሻጯ ባዶ ጆንያ ታራግፋለች።

«አለቀ እኮ የኔ እመቤት! ምን ሰርግ አለ ዘንድሮ? ያ የስማዳው ሰውዬ እንኳ በአህያ ጭኖ ሄደ።»

የስማዳው ሰውዬ ማኅበርተኛችን ነው፤ ወንድሙ እዚሁ አርብ ገበያ ስላለ ተራው ሲደርስ በወንድሙ ቤት ይደግሳል። እኔ አዋቂዋ ታዲያ ምን አልኩ? «ጥጋብ ነው» ብዬ ወደ ሌላ ሻጭ አለፍኩ። ሴትዮዋ የኔን ስህተት ከእኔ ቀድማ በጆንያዋ አግኝታው ነበር፤ ሰሚ አጣች እንጂ።

የሚካኤል ዕለት ጠዋት ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ተገናኙ። አክስቴ አዲስ የታጠበ ነጠላ ለብሳ መሃላቸው ቆማለች። ሲለያዩ አንዱ ለሌላው «እንግዲህ እዚያው እንገናኝ» ይላል፤ ሌላውም «እንገናኛለን፣ ያድርሰን» ይላል። እዚያው ማለት የት እንደሆነ አንድም የጠየቀ የለም። ዛሬ ሳስበው፣ ሁሉም ይህን ሲል ዓይኑን ከአክስቴ ሸሸት እያደረገ ነበር። ያኔ ግን አላስተዋልኩም።

እኩለ ቀን ላይ የኔታ ከንትርኩ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ የቆየውን ጽዋ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው መጡ። አክስቴ ተነስታ መስቀል ተሳለመችና ከላይኛው ወንበር አስቀመጠቻቸው። ጠላው ደርሷል፤ ድፎው ተሸፍኖ ይጠብቃል። ጠበቅን። አንድም ሰው የለም። የኔታ ዳዊታቸውን አወጡና ደገሙ፤ ደግመው ጨረሱ፤ አሁንም ሰው የለም። አክስቴ ዝንብ የሌለበትን ድፎ በጭራ እሽ ትላለች። አግዳሚዎቹ ባዶአቸውን ተደርድረዋል። ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«አዘነልኝ እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እኔ እንጃላቸው! ጥጋባቸው ነው!» እያልኩ ወጣሁ። ማንን እንደምሰድብ ሳላውቅ እየተሳደብኩ ቁልቁል ስወርድ ልብስ ሰፊው ሽቅብ ሲመጣ ተገናኘን። እሱም ማኅበርተኛችን ነው፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«የት ሆነህ ነው አንተ? ሰው ሲጠብቅህ!»

«የት እሆናለሁ? ከድግሱ ቤት ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ እኔና የስማዳው ሰውዬ ፊት ለፊት ተፋጠን ተቀምጠን! ሰው አልመጣልኝም ብሎ ሊያለቅስ ደርሷል። የሌላውን ድርሻ ሁሉ እኔን አጠጣኝ። አሁን ሰው ፈልግልኝ ብሎ ላከኝ።»

«የስማዳው ሰውዬ? ማን ተራህ ነው አለው?»

«ስልኩ ነዋ! እኔስ ከዚሁ አይደል ያየሁት?» ብሎ ስልኩን አወጣ። ቁጥሩን አስገባ። ገጹ እስኪከፈት በዚያ ኔትወርክ ሙክት ታርዶ ይበላል። በመጨረሻ ተከፈተና «የጥቅምት ባለተራ» ብሎ የራሱን የልብስ ሰፊውን ስም ጻፈ።

«ውይ በሚካኤል!» አለ፤ ስልኩ ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «እኔ ነኝ እንዴ? ምንም አላዘጋጀሁ እኮ!»

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ የገባው ሰው ሁሉ ስሙን «ሰው» ላይ ይጽፋል፤ ከታች ያለው መስመር ደግሞ ባለተራውን ከዚያው ከ«ሰው» ይወስዳል። የገባ ሁሉ ባለተራ ነው! እኔ ስሞክረው ትክክል የሆነው አክስቴ በአጋጣሚ እውነተኛዋ ባለተራ ስለሆነች ነው። ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ የሌላ ሰው ስም ያየውም የሱ ገጽ እስኪከፈትለት የስማዳው ሰውዬ ገብቶ በስሙ ላይ ስለጻፈበት ነው። ከአክስቴ፣ ከየኔታና ከልብስ ሰፊው በቀር ዘጠኝ ሰው ይቀራል። ዘጠኝ ሰው ጠላ ጠምቆ፣ በሩን ከፍቶ፣ እንግዳ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ባዶዎቹ አግዳሚዎች ትዝ አሉኝ።

ተመልሼ የኔታን ወደ ደጅ ጠራኋቸውና ተናዘዝኩ።

«ሰርቨሩ ላይ ሁሉም የሚያየው አንድ ቦታ አለ የኔታ። ባለተራው እዚያ ይጻፋል።»

«ደግ። ማነው የሚጽፍበት?»

«ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ነው ያለው የኔታ፤ አንደኛው...» ብዬ ማብራራት ጀመርኩ።

«ማነው የሚጽፍበት አልኩሽ?»

«የገባ ሁሉ።»

«የገባ ሁሉ!» በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። «አንቺ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ምን ታያለሽ? ቅኔ ማኅሌት አለ፣ ቅድስት አለ፣ መቅደስ አለ። ቅዳሴውን ሁሉም ይሰማል፤ መንበሩን የሚነካው ግን ማነው? አንቺ መንበሩን አውጥተሽ ደጀ ሰላም ላይ አቁመሽዋል። ያለፈ ያገደመው ቢዳስሰው ምን ይገርማል?»

አናደዱኝ። ያናደዱኝ ልክ ስለሆኑ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ ቄስ፣ በአንዲት ጥያቄ፣ እኔ ወር ሙሉ ያላየሁትን ቀዳዳ ጣታቸውን ሰደዱበት። ሱቄ ድረስ ሮጥኩ። የገባውን ሰው ስም ለየራሱ ማስቀመጫ ሰጠሁት። የጋራውን «ባለተራ» አልኩት፤ የአክስቴን ስም ጻፍኩበትና ቆለፍኩት፤ ሁሉም እንዲያነበው፣ የምስጢር ቁጥር የያዘ ካልሆነ በቀር ግን ማንም እንዳይጽፍበት። አሥራ አንድ መስመር ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ከዚያ ለሁሉም «ስልካችሁን እንደገና ክፈቱ» ብዬ መልእክት ላክሁ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ስልኩን ለማያየው ሁሉ በየቤቱ እየዞረ እንዲናገር አዘዝኩት፤ እየተንገዳገደም ቢሆን አደረሰ።

መጡ። አንዱ እንስራ በትከሻው፣ አንዱ ጄሪካን በእጁ፣ የስማዳው ሰውዬ በአህያ ጭኖ። ዘጠኝ ቤት የጠመቀው ጠላ በአክስቴ አጥር ሥር ተደረደረ። መጀመሪያ ሁሉም እየሳቀ ነበር፤ «አንተም?»፣ «አንተም እንዴ?» ይባባላሉ። እኔን እንደ ውሻ ሲያዩኝ አንገቴን ደፋሁ። አክስቴ ከደጃፉ ላይ ቆማ ዘጠኙን እንስራ በዓይኗ ቆጠረች።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «ልጅቷ አጥፍታለች፤ እሷን ለእኔ ተዉልኝ። እናንተ ግን ስማችሁን ስታዩ፣ ጥቅምት የማን እንደሆነ አታውቁም ነበር?»

ሳቁ ቆመ። በኋላ የስማዳው ሰውዬ፣ መዋሸት የማይችል ሰው ነው፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እናውቃለን እንጂ። የኔታ እንደ ድሮው አሳልፈውዎት ለእኔ የሰጡኝ መስሎኝ ነው። እርስዎ እንዳይሰሙና እንዳይከፋዎት ብዬ ለማንም አልተናገርሁም።»

«አንተስ?» አለች ወደሌላው።

«እኔም እንደሱ።»

«ዘጠኛችሁም?»

ዘጠኙም መሬት መሬት አዩ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ስሰማ ደረቴ ቀለል አለኝ። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ። አንዱ እንኳ ደውሎ «ይህ ነገር ስህተት ነው» ቢል ኖሮ ያንኑ ዕለት አስተካክለው ነበር። ያልደወሉት አክስቴ መዘለሏ ስለተለመደ ነው። ስህተቴ በዘጠኝ ሰው ዓይን ሥር ወር ሙሉ ሲሄድ እንደ ደንብ ታየ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች አክስቴ። አልጮኸችም።

የኔታ ከተቀመጡበት ተነሱ። «እነሱ ምን ያድርጉ፤ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። «ላሳርፍሽ ብዬ አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታው ይቆየንና መጀመሪያ ተቀመጡ የኔታ» አለች። «እናንተም ግቡ። እንስራችሁ ከአጥር ሥር ይቆይ፤ ዛሬ የሚጠጣው የኔ ነው።»

ገቡ። አግዳሚው አልበቃም፤ የተረፈው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ማንንም «እንዳግዝሽ» አላስባለችም፤ ራሷ እየቀዳች፣ «ጠጡ እንጂ! ጨርሱት! ኮምፒውተሩ አላዘነልኝም፣ እኔም አላዝንላችሁም!» እያለች አጠጣቻቸው። ልብስ ሰፊው «እኔ ጠዋት...» ብሎ ሊያመልጥ ሲሞክር ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላችለት። የኔታ ቤቷን ባረኩ። ጽዋው ሲነሳ ሁሉም የየኔታን እጅ ተመለከተ፤ ጽዋው በማንም ራስ ላይ ሳያልፍ ለኅዳሩ ባለተራ ተሰጠ። አጥር ሥር የቀረውን ጠላ ከማግስቱ ጀምሮ መንገደኛውና ጎረቤቱ ሦስት ቀን ጠጣው፤ እኔን የመረቀኝ ሕዝብ ብዛት አይነገርም።

ሁሉም ሲወጡ የኔታ ወደ እኔ መጡ። «ያ የቆለፍኩበት ቁልፍ ከማን ጋር ይሁን?» አልኳቸው፤ «ከእኔ ጋር ይሁን» እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር።

«ከሷ ጋር ይሁን» አሉ ወደ አክስቴ እያመለከቱ። «የተዘለለ ሰው ሌላ ሰው አይዘልም።»

አክስቴ ፊደል አትለይም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ተለቅ ያለ ስልክ አገኘሁላትና በየወሩ ስሙ የሚለወጥበትን ቦታ አሳየኋት። የራሷን አዲስ የምስጢር ቁጥር ልታስገባ ስትል አፈጠጠችብኝ።

«ዙሪ!»

«እቴቴ፣ የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«ለዚያ ነው፤ ዙሪ!»

ዞርኩ። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አላውቀውም። በየወሩ በአሥራ ሦስት ቀን ትጠራኝና የሚቀጥለውን ስም አነብላታለሁ፤ እሷ ስልኩን በነጠላዋ ከልላ ቁልፏን ትከፍታለች፤ ያኔ ስሙ ይለወጣል።

ሰኔ ሚካኤል ካለፈ በኋላ የሐምሌው ተራ የየኔታ ነበር። ክረምቱ ደረታቸውን ይዟቸው ተኝተው ነበርና «ዘንድሮስ አልሆነልኝም፤ እለፉኝ በሏቸው» ብለው በእኔ ላኩ። መልእክቱን ለአክስቴ ነገርኳት። ስማቸውን አንስቼ የነሐሴውን እንዳስገባ ስልኩን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ስልኩን አልሰጠችኝም፤ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሂጂና ምን ጎደለዎት ብለሽ ጠይቂያቸው» አለችኝ። «ገብሱ ከሆነ ከእኔ አለ፤ ጉልበቱ ከሆነ አሥራ አንዳችንም አለን። ስማቸው ግን አይነሳም።»